ጠባቡ መንገድ

ሩዌይስ። ሌሊት ስምንት ሰዓት።
ውጭው እንደ ድስት ክዳን ላብ ያንጠባጥባል፤
የባሕሩ ጨው መስኮቱ ላይ ደርቆ ካርታ ይሥላል።
ውስጡ ግን ብርድ ነው፣ ጋቢ የሚያስመኝ፤
የማሽን ብርድ፣ ሰውን የማይመኝ።

ለጥገና የሰጡኝ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።
ሱኒል ከአቡ ዳቢ በስልክ አለ፣ ድምፁ ገና አልነቃም፤
«አስር ሲል ዘግተህ ውጣ» ይለኛል።

እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤
አካፋ ጨብጬ የማላውቅ የመንገድ ሰው።
ሥራዬ ለሰው ቃል፣ ለሰው ጥያቄ
በየትኛው በር ውጣ ብሎ ማመልከት ነው።

አምና፣ በዚህችው ወንበር፣
እኔው ነኝ ያጠቃለልኳቸው፤
ካምፕ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣
አራት መስመር ነበሩ፣ አንድ መስመር አደረግኳቸው።
የሃያ አራቱን ጭምብል ወደ ሃያ ሁለት ሳብኩት፣
ሰንጠረዡ አጠረ፣ ራውተሩም ቀለለው፤
አለቃዬ «ጎበዝ» አለኝ፣
እኔንም፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።
ደግሞስ የማያጠቃልል ማን አለ?
አውቶቡሱ በር ላይ የሚቆጥረው ፎርማን
«ካምፕ አስር፣ ስልሳ ራስ» ብሎ ይፈርማል፤
ስልሳ ራስ ላይ ስንት ዓይን እንዳለ ማን ይጠይቃል?

ከዚያ ካምፕ አስራ አንድ ተነሣ።
ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የምጣዱን ምድጃ በፒካፕ ጭነው
ከወደቡ ማዶ፣ አዲሱ ጄቲ ዳር አሰፈሩት።
ሰው ሲዛወር ለእኔ ማን ይነግረኛል?

ያቺ አንድ መስመር ግን ቃሏን አላጠፈችም።
«አራቱም እኔ ጋ ናቸው» እያለች
በጎረቤት ራውተር ፊት ትምላለች፤
ወደ አስራ አንድ የሚሄደውን ሁሉ «ና» ብላ ትቀበላለች፣
ቤቱን ስታጣው ወደ ባዶ ትጥላለች።
ባዶ የሚባል በር አለን፤ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣
ለቅሶ ብቻ ነው የሌለው።

ዘጠኝ ቀን።
ይርሳው ብየዳ ሠሪ ነው፣ የሞጣ ሰው።
ብልጭታ ዓይኑን መታው።
የክሊኒኩ ወረፋ በስልክ ነው የሚያዘው፤
ይጫናል፣ ክቧ ትዞራለች። ይጫናል፣ ትዞራለች።
ጥያቄውስ ደርሷል፣ በዓይኔ አየሁት፤
መልሱ ነው ባዶ በር የገባው።
«ወንድሜ» አለኝ፣ «ቁጥርህን ከግድግዳው ላይ
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያነበብኩት።»
እናቱ ክፉ ቀኑን ይርሳው ብላ ነበር፤
እኔ ራሱን ረሳሁት።

የክሊኒኩ ሰንጠረዥ ሌላ፣ የካምፑ ሌላ፤
በአንድ የብረት ሳጥን የሚኖሩ፣ የማይተያዩ ሁለት ቤቶች።
መካከላቸው ማጣሪያ፣ ማጣሪያው ላይ አንዲት ቀዳዳ፣
ስሙን ካልጠራሁላት ማንንም የማታሳልፍ።
ጠራሁላት። አስራ አንድን፣ ብቻውን፣ በሙሉ ቁጥሩ።
ከጄቲው አስነሣሁት፣ በቀዳዳዋ አሾለክሁት።
ማሾለክ የሌባ ቃል ይመስላል፤
ዛሬ ሌሊት የአዋላጅ ነው።

ሰፊና ጠባብ መንገድ ወደ አንድ ቤት ቢጣሩ
ራውተር ጠባቡን ይመርጣል።
ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር፣
አልገባኝም እንጂ።

«ማጠቃለያዋንስ አታጠፋትም?» ይላል ሱኒል።
ትኑር። ለሦስቱ እውነቷን ነው።

መሄጃ ብቻ የሰጠ፣ መንገድ አልሰጠም፤
ይህንን ፓስፖርቱ በሰው መሳቢያ የሚያድር ሁሉ
ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ለአስር ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።
«ክቧ ቆመች» አለ። «ቁጥር ሰጠችኝ፤ አርባ ሦስት።»
አርባ ሦስት ሩቅ ነው። ግን ሳቅን።

ከተረኛዋ ከሐረገወይን ጋር
በአማርኛ የምንጻጻፍባት ደብተር አለችን።
«ካምፕ አስራ አንድ ተስተካክሏል» ብዬ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩት።
«ይርሳው» ብዬ ጻፍኩ። ቆየሁና
ትእዛዝ እንዳይመስላት
ከፊቱ «አቶ» ጨመርኩበት።